ወገቤ እና ሜትሬ

ጥር 6፣ ሰኞ ማታ

ከዛሬ ጀምሮ ዳቦ የለም። ፓስታ የለም። ሩዝ የለም። ድንች የለም። ሻይ አለ፤ ስኳሩ ግን የለም። ሐኪሟ ይህን ሁሉ ስትዘረዝርልኝ ፈገግ እያለች ነበር። ልጅ እግር ናት፤ ርቧት የሚያውቅ አይመስለኝም። "የቀረውን እንደ ልብዎ ይብሉ" አለችኝ። የቀረው ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። "ጎመን፣ ሰላጣ፣ እንቁላል፣ ዓሣ" አለች። የኔ ልብ ጎመን አምሮት አያውቅም።

ጥፋተኛው ካርቦሃይድሬት ይባላል። ስሙን ጠርቶ ለመጨረስ እንኳ ቁርስ በልቶ መነሳት ያስፈልጋል። ሆድ ውስጥ ሲገባ ስኳር ይሆናል አሉ። እንግዲህ ይህን ሁሉ ዓመት ዳቦዬ ላይ ማርማላታ ስቀባ በስኳር ላይ ስኳር ነበር የምቀባው ማለት ነው። ባውቅ ኖሮ ማርማላታውን አላባክንም ነበር።

ከዚያ ክፍሉን አጨለመችና በትንሽ መብራት ዓይኔን ማየት ጀመረች። ቆየች። በጣም ቆየች። "ሥራዎ ምንድን ነው?" አለችኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ አልኳት። ዝም አለች፤ ዝምታዋ አላማረኝም። ስኳሩ ዓይኔን ከኋላ በኩል መንካት ጀምሯል። ሦስት ወር ሰጥታኛለች። ስኳሩ ከወረደ ዓይኔ ባለበት ይቆያል። ካልወረደ በየቀኑ መርፌ መወጋት እጀምራለሁ፤ ስለ ዓይኔም ተስፋ ልትሰጠኝ አትችልም።

ነርሷ ወገቤን ለካች፤ መቶ አሥራ ሁለት። ቤት ገብቼ በገዛ ሜትሬ ስለካው መቶ ስምንት ሆነ። ወይ ሐኪም ቤት ያሉ ሰዎች መለካት አያውቁም፣ ወይ ታክሲ ውስጥ አራት ሴንቲ ቀንሻለሁ። ሁለተኛውን ወድጄዋለሁ።

ለባለቤቴ "ትንሽ ውፍረት ቀንስ ተባልኩ" ብያት ዝም አልኩ። የዓይኑን ነገር አላነሳሁም። ሠላሳ ዓመት አንድ ሱቅ ውስጥ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሰፍተናል፤ በከንቱ ለምን ላስደንግጣት? ደግሞም ዓይኔ ደህና ነው። ጨለማው የሱቁ ነው። አምፖሉን መቀየር አለብን።

ጥር 7፣ ማክሰኞ

ቁርስ፦ ሁለት እንቁላል። ምሳ፦ ሰላጣ። ከምሳ በኋላ፦ ሐዘን።

ጥር 10፣ ዓርብ

ከሱቃችን ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ ከዚያችው ሐኪም ዘንድ ሄዶ ያንኑ ዝርዝር ይዞ ተመለሰ። የሱ ስኳር ከኔም ይብሳል። መንገዱን ተሻግሮ መጣና "አንድ ላይ እንያያዝ" አለኝ። "ብቻህን ከሆንክ ታጭበረብራለህ፤ አውቅሃለሁ።"

"አንተስ?"

"የኔማ የታወቀ ነው። ለዚህ አይደል አንተን የፈለግሁህ!"

ተማማልን። እሱ በመስታወቱ እኔን ይጠብቃል፣ እኔ በመስኮቴ እሱን። ዛሬ ከሰዓት አንድ ደንበኛው ሳንድዊች ይዞ ሲገባ አየሁና ሮጬ ተሻገርኩ። ከሰውየው እጅ ተቀብዬ "እዚህ ቤት ዳቦ ክልክል ነው" ብዬ ውጭ ደጃፉ ላይ አስቀመጥኩለት። ሰውየው ተላጭቶ ሲወጣ ሳንድዊቹ የለም። የሰፈሩ ውሾች ጨዋነት የላቸውም።

ጥር 15፣ ረቡዕ

ከአሥር ሰዓት በኋላ ያለው ረሃብ ሌላ ነው። የጠዋቱን ረሃብ ሰው ይችለዋል፤ ይሄኛው ግን ሆድ ውስጥ አይቀመጥም፣ እጅ ውስጥ ነው የሚገባው። እጄ ብቻውን መሳቢያ ይከፍታል። ዛሬም ሳላዝዘው ከፈተና ብስኩቱን አወጣ። ነከስኩት። የጨርቅ ጠመኔ ነው፤ ያ ነጩ፣ ጠፍጣፋው።

ባለቤቴ ከማሽኗ ቀና ብላ አየችኝ። "ምን ሆንክ?"

"ጥርሴን አሳከከኝ።"

"አፍህ ነጭ ሆኗል እኮ።"

"የጥርስ ሳሙና ነው።"

ትክ ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ረሃብ ሰውን ምን ያህል እንደሚያሳስት የሚያሳይ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ብስኩቱ በስተግራ ነበር።

ጥር 22፣ ረቡዕ ማታ

ትልቅ ሥራ አገኘን! የከተማው ማርሽ ባንድ ለአዲሱ ድልድይ ምርቃት አሥራ አራት ጥቁር ኮት አዘዘ። የባንዱ መሪ ጢሙን የሚያበጥር፣ ሥርዓት ያለው ሰው ነው። ሰዎቹን አሰልፎ አመጣቸውና አንድ ባንድ ለካኋቸው። ትልቁን ጥሩምባ የሚነፋው ሰውዬ ዙሪያውን ለመለካት ሁለት ጊዜ እንድዞረው አስገደደኝ። እንደኔ ዓይነት ሰው ስላየሁ ደስ አለኝ።

ጨርቁን ባለቤቴ ትቁረጠው አልኩ። እስከ ዛሬ የምለካውም የምቆርጠውም እኔ ነበርኩ፤ እሷ ትሰፋለች። ግን ይህን ያህል ዓመት መቀሱን ሳላስነካት መኖሬ ልክ አይደለም ብዬ አሰብኩ። በጥቁር ጨርቅ ላይ የጠመኔ መስመር ተከትሎ መቁረጥ ለሷም ደስ ሊላት ይችላል። ምን ነካህ አላለችኝም። "እሺ" ብላ መቀሱን አነሳች።

ልጃችን ማታ መጣች። አዲስ ሜትር ገዝታልኛለች፤ ቁጥሮቹ ከሩቅ የሚጮሁ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክሉ።

"አባዬ፣ አሮጌውን ጣለው በቃ። ቁጥሩ ጠፍቷል እኮ።"

"ቁጥሩን አውራ ጣቴ ያውቀዋል" አልኳት። "ይሄ ሜትር አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ አንገቴ ላይ ነው። ትልልቅ ቁጥር የሚያስፈልገው ለማያይ ሰው ነው።"

እናቷን አየቻት። እናቷም እሷን አየቻት። አዲሱን ሜትር ለባለቤቴ ወረወርኩላት፤ በጣም ወደደችው። ወዲያውም ያን ሁሉ ጥቁር ጨርቅ በሱ ትለካ ጀመር።

ጥር 29፣ ረቡዕ

ክብሬ ተነካ።

ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ አንድ ዳቦ ቤት አለ። የሚያውቀኝ ሰው ስለማይሄድበት ነው የምወደው። ዛሬ ቁልፍ ልገዛ ስወጣ እግሬ ወደዚያ ወሰደኝ። ለማሽተት ብቻ ነበር። ሰልፉ ውስጥ ገባሁ፤ ሰልፍ ውስጥ ሆኖ ማሽተት ይሻላል። ከፊቴ የቆመው ሰው ኮፍያውን እስከ ጆሮው ደፍቷል። ኮፍያው ሥር ያለችው አንገት ግን በጣም ንጹህ ሆና ተላጭታለች።

"እንደምን አደርክ?" አልኩት።

ፀጉር አስተካካዩ ክው ብሎ ቀረ። ከዚያ ዓይኑን በጨው አጥቦ "ለልጆቹ ነው" አለኝ።

"ልጆችህ ውጭ አገር አይደሉም እንዴ?"

"አንተስ?"

"ቁልፍ ልገዛ ነው።"

"ዳቦ ቤት?"

ተያየን። ሰልፉ ሄደ፤ እኛም አብረን ሄድን። ሁለት ትኩስ ዳቦ ገዝተን መናኸሪያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን በላን። የመጀመሪያዋን ጉርሻ ስውጥ ዕንባዬ መጣ፤ አላጋንንም። አዲስ ውል ገባን፦ አንዱ የሌላውን አያይም። ይሄኛውን ውል እንጠብቀዋለን።

የካቲት 6፣ ረቡዕ

ወገብ፦ መቶ ስድስት! ትንሽ ሳብ አድርጌ ነው የለካሁት፤ ግን ልብስ ሰፊ ካልሳበ ማን ይሳብ? ዳቦ እየበላሁ የሚቀንስ ሰውነት ከሰጠኝ ያቺ ልጅ እግር ሐኪም ስለ ካርቦሃይድሬት የምታውቀው የተገላቢጦሽ ነው ማለት ነው። ሱሪዬ ግን አሁንም ያጨናንቀኛል። በእጥበት ገብቶ ይሆናል።

ባለቤቴ ከልጃችን ጋር በስልክ ስታወራ ሰማኋት። "አይ፣ እስካሁን አልነገረኝም" ትላለች። "ልጠይቀው? ጠይቄው ቢዋሽስ? ... ይቆይ። ራሱ እስኪለኝ ድረስ አውቃለሁ አልልም።" ስለ ጎረቤታችን መሆን አለበት። ያ ሰውዬ የሆነ ነገር እንደደበቀ ድሮም ጠርጥሬያለሁ።

የካቲት 15፣ ዓርብ

ቸኩያለሁ። የኮቶቹ እጅጌ እየተገጠመ ነው። ባለቤቴ ሰሞኑን ሥራ ወዳድ ሆናለች፤ እኔ ሳልነሳ ሱቅ ትገባለች። ስደርስ መርፌ የምንሰካባት ትንሿ ትራስ ላይ መርፌዎቹ ሁሉ ክር ገብቶላቸው ተሰልፈው አገኛለሁ፤ ጥቁር፣ ነጭ፣ ግራጫ። ድሮ እንዲህ አናደርግም ነበር። ጊዜ ይቆጥባል ግን። የማን ሐሳብ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ክር የገባለት መርፌ ሲያልቅብኝ ውሃ ልጠጣ እወጣለሁ፤ ስመለስ ደግሞ አለ።

አምፖሉን ቀየርነው። ምንም ለውጥ የለውም። አምፖል ሻጩ አጭበርብሮናል።

የካቲት 24፣ እሑድ

ፀጉር አስተካካዩ ያነክሳል። "ጫማ በልቶኝ ነው" አለ፤ ከነጠላ ጫማ ሌላ ካላደረገ ሳምንት አልፎታል። እኔም እሱም ውላችንን እናከብራለን፤ አንዱ የሌላውን አያይም። ስለዚህ አላየሁም።

መጋቢት 3፣ ማክሰኞ ማታ

የእግሩን ጣት ቆረጡት።

የቀኝ እግሩ ትንሿ ጣት ናት። ቁስሉ ከጀመረው ወር አልፎታል፤ አልሽር ብሎ ጠቁሮ ነበር፤ ለማንም ሳይናገር ቆሞ ፀጉር ሲያስተካክል ከርሟል። ሆስፒታል ሄጄ አየሁት። አልጋ ላይ ተጋድሟል፤ እግሩ እንደ ሕፃን ተጠቅልሏል።

"ከሁለታችን መጀመሪያ የቀነስኩት እኔ ነኝ" አለኝ።

"ምን?"

"ክብደት ነዋ! ስንት ግራም እንደሆነች ጠይቄያቸው ነበር። አልመዘንናትም አሉኝ። እንዲህ ያለ ሆስፒታል!"

ሳቅሁ። ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረ፤ እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እንደዞረም "ያን ዳቦ ቤት እርም በለው" አለኝ። በሕይወቱ ሳይቀልድ ያዘዘኝ ነገር ይሄ ብቻ ነው።

ማታ ሱቅ ገብቼ የደበቅሁትን ብስኩት ሁሉ አወጣሁ። ከገበር ጨርቁ ሥር፣ ከማሽኑ መሳቢያ፣ ማንም ከማይወስደው አሮጌ ኮት የውስጥ ኪስ። ጣልኩት። አብዛኛውን።

ፈርቻለሁ። እውነቱ ይሄ ነው፤ በጣም ፈርቻለሁ። ከፍርሃቴ ብዛት ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ ወገቤን ለካሁ፤ መቶ አራት። ተመስገን። በሐኪሟ ሜትር ከተነሳን ስምንት ሴንቲ ቀንሻለሁ። ስምንት ሴንቲ የቀነሰ ሰው ስኳሩም ይቀንሳል፤ ዓይኑም ይተርፋል። እኔ እሱን አይደለሁም።

መጋቢት 10፣ ማክሰኞ ማታ

ዛሬ የሆነውን ሳልረሳው ልጻፈው። ልረሳው ብፈልግም ባንዱ አያስረሳኝም።

አሥራ አራቱም ኮት ሊሞክሩ መጡ። መጀመሪያ ከበሮ መቺው ለበሰ። ጠበበው። "ትንሽ ወፍረሃል" አልኩት፤ በጨዋ ቃል። ሁለተኛው ለበሰ፤ ጠበበው። ሦስተኛው ክንዱን ሲያነሳ ጀርባው ላይ ስፌቱ ተንጣጣ። እኔ ደግሞ በሁለት ወር ውስጥ ስለ ምግብ የማላውቀው ነገር የለም። ሁሉንም አስቀመጥኳቸውና ትምህርት ጀመርኩ።

"ዳቦ ነው!" አልኳቸው። "ዳቦና ፓስታ። ሆድ ውስጥ ሲገባ ስኳር ይሆናል። እኔን እዩኝ፤ ስምንት ሴንቲ! ምሥጢሩ ራስን መግዛት ነው።"

የባንዱ መሪ ጢሙን ነካ ነካ አደረገ። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አሥራ አራት ሰው በወር ተኩል ውስጥ እኩል ይወፍራል?"

"ከአንድ ዳቦ ቤት ከገዛ ይወፍራል።"

በዚህ መሐል ያ ትልቁን ጥሩምባ የሚነፋው ሰውዬ ኮቱን እንደምንም ቆልፎ፣ "እስቲ ለመንፋት ይመቸኝ እንደሆን" ብሎ አየር ወደ ደረቱ ሳበ። የመሐለኛው ቁልፍ ተፈናጥሮ ግንባሬን መታኝ። ከዚያ ባንዱ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ሰውየው ብቻ ትንፋሹን እንደያዘ ቀረ። ቢተነፍስ ሌላ ነገር እንዳይፈናጠር ፈርቶ ነው።

ባለቤቴ አልሳቀችም። አንዱን ኮት ገልብጣ ለካች፤ ሌላውን ለካች። "ሁሉም የጠበበው በእኩል ነው" አለች ለራሷ። ከዚያ መጣችና ሜትሬን ከአንገቴ ላይ ቀስ ብላ አወረደችው። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። አጠገቡ አዲሱን፣ ባለ ትልልቅ ቁጥሩን ዘረጋች። ጫፍ ከጫፍ አገጣጠመች።

መቶ ላይ ስንደርስ የኔው አራት ሴንቲ ያህል ተርፎ ሄደ።

ሠላሳ ዓመት ስስበው፣ ስጎትተው፣ አንገቴ ላይ ሲንጠለጠል፣ ተለጥጦ ኖሯል። የምለካውም የምቆርጠውም በሱ ስለነበር ስህተቱ እርስ በርሱ ሲጠፋፋ ኖረና ማንም አላወቀም። ዘንድሮ ግን እኔ በተለጠጠው ለካሁ፤ እሷ በትክክለኛው ቆረጠች። አሥራ አራት ሰው አላግባብ ወፍራም ተባለ።

ውሃ ሆንኩ። የባንዱ መሪ መልካም ሰው ነው፤ "ምርቃቱ ገና አሥራ ሁለት ቀን አለው፤ ይደርሳል" ብሎ ሰዎቹን ሰብስቦ ወጣ። ጥሩምባ ነፊው ግን በሩ ላይ ዞር አለና "ጋሼ፣ ታዲያ ያ ስምንት ሴንቲ?" አለኝ።

የኔ ሐሳብ ገና እዚያ አልደረሰም ነበር።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ባለቤቴ በአዲሱ ሜትር ለካችኝ። "ትንፋሽህን አትያዝ" አለችኝ። ለቀቅሁት። መቶ አሥራ አንድ። በሁለት ወር ረሃብ አንድ ሴንቲ፤ እሱም ዛሬ ምሳ ስላልበላሁ ነው። ወደ ሐኪሟ የምመለስበት ቀን ደግሞ አራት ሳምንት ብቻ ቀርቶታል።

መጋቢት 12፣ ሐሙስ

ደግነቱ ሁልጊዜ ስፌት ውስጥ ትርፍ ጨርቅ እንተዋለን። ኮቶቹን ተርትሮ ማስፋት ይቻላል። ትናንት ሁለታችን ጠረጴዛው ላይ ተጎንብሰን ስንተረትር ዋልን፤ ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ። እሷ ስፌቱን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ ነበር የምትፈታው፤ ጥንቃቄዋ የታወቀ ነው። እኔ በጣቴ እየዳሰስኩ ነበር። በጣቴ ዳስሼ ክሩን አገኘሁና ምላጩን ሳብኩ። ክሩ አልነበረም። የባንዱ መሪ ኮት ጀርባው ላይ የስንዝር ግማሽ ያህል ተቀደደ።

እጄን ከጨርቁ ላይ አላነሳሁም። የሸፈንኩት መስሎኝ ነው።

"አየሁ" አለችኝ።

"ምላጩ ነው። ደንዞ—"

"ከጥር ጀምሮ እያየሁ ነው" አለች፤ ምላጯን አስቀመጠች። "ጠመኔ ስትነክስ አየሁ። መቀሱን ስትሰጠኝ አየሁ። መርፌውን ይዘህ በር ላይ ብርሃን ስትፈልግ አየሁ። መርፌዎቹ በራሳቸው ክር የሚገባላቸው መሰለህ?"

ነገርኳት። የሐኪሟን ዝምታ፣ ሦስት ወሩን፣ መናኸሪያውን፣ ዳቦውን፣ ሁሉንም። ስጨርስ ጠብቄ የነበረው ለቅሶ ነበር። ተቆጣች።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"እንዳትደነግጪ ብዬ።"

"ብቻዬን ነው እኮ የደነገጥኩት! አብረን ብንደነግጥ ምን ነበረበት?"

አንጀቴን በላችው። በጥር ማፈር የነበረብኝን አሁን ነው ያፈርኩት። የተቀደደውን በውስጥ በኩል ለጥፋ ጠቀመችው። ፈልጎ የሚያገኘው የለም።

መጋቢት 16፣ ሰኞ

ከዓርብ ጀምሮ ዳቦ የለም። አሁን የምሬን ነው። ራስ ምታት፤ ብስጭት። ለካ እስካሁን ተርቤ አላውቅም ነበር፤ ሳማርር ብቻ ነው የከረምኩት። ባለቤቴም አብራኝ ተወች። "አንተ ፊት ዳቦ ብበላ ዳቦውን ሳይሆን እኔን ነው በክፉ ዓይን የምታየው" አለች። ኑሯችን ጎመንና ጠብ ሆኗል።

መጋቢት 22፣ እሑድ

ድልድዩ ተመረቀ። ባንዱ ነፋ። ቁልፍ አልተፈናጠረም። ጥሩምባ ነፊው ከሩቅ አይቶኝ ደረቱን ሆን ብሎ ሲነፋ ባለቤቴን ከፊቴ አቆምኳት።

ከዳርቻው ላይ ዳቦ ይሸጥ ነበር። አሸተትኩ፤ ምራቄን ዋጥኩ፤ አለፍኩ። ባለቤቴ ባንዱን ስታይ ነበር፤ እዚህ መጻፌ ሌላ የሚመሰክርልኝ ስለሌለ ነው።

ሚያዝያ 7፣ ሰኞ

ነርሷ ለካችኝ፤ መቶ ሰባት። "አዲስ ሜትር ነው?" ብዬ ጠየቅኋት። አልገባትም።

ስኳሩ ወርዷል። ሐኪሟ የምትፈልገው ድረስ አይደለም፤ መርፌውን ለጊዜው ለማስቀረት ግን ይበቃል። ዓይኔን ስታይ ባለቤቴ ጨለማው ክፍል ውስጥ እጄን ይዛ ቆማ ነበር። "ባለበት ቆሟል" አለች ሐኪሟ። የጠፋው ግን አይመለስም፤ እንደ መርፌ ቀዳዳ ባለ ትንሽ ነገር ላይ እንዳልታገል መከረችኝ። ባለቤቴ እጄን ጭምቅ አደረገችው። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ዳቦ። ግን አልተናገርኩም።

ሚያዝያ 9፣ ረቡዕ ማታ

ዛሬ ሱቁ ሙሉ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ከሰዓት ከሰዓት ሱቁን ዘግቶ፣ ምርኩዙን ይዞ እኛ ዘንድ ይውላል፤ እግሩን የኔ ወንበር ላይ ሰቅሎ ደንበኞቼን ይገመግማል። አንዲት ሴት ሰማያዊ ቀሚሷ ጫፉ ተፈትቶ አሁኑኑ እንድጠቅምላት ቆማ ትጠብቃለች። የመርፌ ትራሷ ላይ ያሉት መርፌዎች ጥቁርና ነጭ ብቻ ናቸው። ሰማያዊ የለም።

ድሮ ቢሆን ውሃ ልጠጣ እወጣ ነበር። መርፌውንና ሰማያዊውን ክር አነሳሁና በሰው ሁሉ ፊት "አንቺ" አልኩ፤ "ክር አስገቢልኝ። አላይም።"

ዓለም አልተገለበጠም። ባለቤቴ ብድግ ብላ መጣች፤ ፊቷ ቀልቷል። ክሩን በምላሷ አረጠበች፤ መርፌውን ወደ ብርሃኑ አነሳች። ክሩ በጎን አለፈ። እንደገና አረጠበች። ክንዷን ዘረጋች፤ ደግሞ አስጠጋች፤ ደግሞ ዘረጋች። በጎን አለፈ። ያኔ ነው የገባኝ፤ እኔ ሳልነሳ ሱቅ መግባቷ፣ ትልልቁን ቁጥር መውደዷ፣ ስፌቱ ከአፍንጫዋ ሥር።

"አንቺም አታዪም" አልኳት በቀስታ።

"አሁን ትገባለች።"

"ጠዋት ጠዋት ስንት ሰዓት ይፈጅብሽ ነበር?"

መርፌውን እያየች፣ "እንደየቀኑ ነው" አለች። "መነጽር ገዝቼ ነበር። ባደርገው፣ እሷም ካላየች ሱቁ አለቀለት ብለህ ትፈራለህ ብዬ ደበቅሁት።"

"ለምን አልነገርሽኝም?" ብዬ ልቆጣ አፌን ከፈትኩ። ተያየን። አፌን ዘጋሁት። እሷ ቀድማ ሳቀች፤ ከዚያ እኔ፤ ዕንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ቀሚሷን የምትጠብቀው ሴትዮ አንዴ እኔን አንዴ እሷን ታያለች።

"ወዲህ በሉት!" አለ ፀጉር አስተካካዩ፤ እግሩን ከወንበሬ ላይ አወረደ። "እኔ የጎደለኝ የእግር ጣት እንጂ ዓይን አይደለም።"

መርፌውን ከባለቤቴ እጅ ተቀብሎ ክሩን በአንዴ አስገባው። ከዚያ ትራሷን ጭኑ ላይ አስቀምጦ የቀሩትን ባዶ መርፌዎች ሁሉ፣ በየቀለማቸው፣ ክር ያስገባላቸው ጀመር። ባለቤቴ ከመሳቢያው ጥግ፣ ብስኩቴን እደብቅበት ከነበረው ቦታ ኋላ፣ መነጽሯን አውጥታ አደረገች። ቀሚሱን ጠቀምኩት። ስፌቴ ትንሽ ጠመም ብሏል፤ ሴትዮዋ ወዳዋለች።

ነገ ጠዋት ባለቤቴ አትቸኩልም፤ አብረን ነው ቁርስ የምንበላው። እንቁላል።